ዕጢው ጡንቻ ውስጥ ገብቷል? ኤምአርአይ በሽንት ፊኛ ካንሰር ምርመራ

ሽንት ቀይ ሆኖ ሲወጣ ማንም ይደነግጣል። ነገር ግን ሕመም ከሌለውና በማግስቱ ጠርቶ ከታየ ብዙ ሰው «ሙቀት ነው፤ ውኃ ስላልጠጣሁ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ግን ይኸው ነው፦ ያለ ሕመም የሚመጣ፣ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት። ደሙ ለሳምንታት መጥፋቱ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ600,000 በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ ከ200,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዚሁ ሕመም ሕይወታቸው አልፏል። በሽታው ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን በብዛት ያጠቃል። ዋነኛው መንስኤ ሲጋራ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት መርዛማ ኬሚካሎች በኩላሊት ተጣርተው ሽንት ውስጥ ይገባሉ፤ ሰውየው ሽንቱን እስኪሸና ድረስም የፊኛውን የውስጥ ሽፋን ሲነኩት ይቆያሉ። በአፍሪካ ሌላም መንስኤ አለ፤ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ። በአገራችን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ እንዲሁም በኩርሙክ አካባቢ የሚገኘው ይህ ጥገኛ ትል ፊኛን ለዓመታት እያስቆጣ ቆይቶ ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል።

ደም ያየ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ከሆነስ ምን ያህል ጠልቋል?» የሚለው ነው። የሕክምናውን መንገድ በአብዛኛው የሚወስነው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሲሆን፣ ኤምአርአይ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው።

ሁሉ ነገር የሚወሰንበት ጡንቻ

ፊኛ ሽንት የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። ግድግዳው ከውስጥ ወደ ውጭ የተደራረቡ ንብርብሮች አሉት። መጀመሪያ ከሽንቱ ጋር የሚገናኘው ስስ ሽፋን ይገኛል፤ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከሥሩ የደም ሥሮች ያሉበት ለስላሳ ንብርብር አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ተኮማትሮ ሽንቱን ገፍቶ የሚያስወጣው ጡንቻ ነው። ከጡንቻው ውጭ ደግሞ ስብ አለ።

ሐኪሞች የዕጢውን ጥልቀት «ቲ» በሚለው ፊደልና አብሮት በሚመጣ ቁጥር ይገልጹታል። ከስሱ ሽፋን ያላለፈው ቲኤ ይባላል። ከሥሩ ወዳለው ለስላሳ ንብርብር የወረደው ቲ1 ነው። ጡንቻ ውስጥ የገባው ቲ2፣ ጡንቻውን አልፎ ስቡ ጋ የደረሰው ቲ3፣ እንደ ፕሮስቴት ወይም ማሕፀን ያሉ አጎራባች አካላትን ወይም የዳሌን ግድግዳ የያዘው ደግሞ ቲ4 ነው።

በቲ1 እና በቲ2 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ነው፤ ለታካሚው ግን ሕይወቱን የሚቀይር ነው። ጡንቻ ያልነካ ዕጢ በመሣሪያ ከውስጥ ተፍቆ ይወጣል፤ እንዳይመለስም እንደየአደገኛነቱ መጠን ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ሁላችንም በሕፃንነታችን ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የምናውቀው ቢሲጂ ነው። ፊኛው አይወጣም፤ ታካሚው በየጊዜው እየተመረመረ ይኖራል። ዕጢው ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን መፋቅ ብቻውን አይበቃም። በካንሰሩ መድኃኒት በኬሞቴራፒ ተጀምሮ ፊኛው በሙሉ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ወይም ለሚስማማቸው ታካሚዎች ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድነት ይሰጣሉ። ይህ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ሕክምናው ከሦስት ወር በላይ ሲዘገይ የመዳን ዕድል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ደግነቱ፣ ከአራት ታካሚዎች ሦስቱ ገደማ በሽታው ሲታወቅ ዕጢው ጡንቻ ጋ አልደረሰም። ፈተናው አራተኛውን ሰው በጊዜ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው።

የተለመደው መንገድና ክፍተቱ

አንድ ታካሚ ደም ሲያይ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል። ቀጥሎ የሽንት አካላት ሐኪሙ (ዩሮሎጂስቱ) ሲስቶስኮፒ በተባለው ምርመራ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ አስገብቶ የፊኛውን ውስጥ በዓይኑ ያያል። ዕጢ ካገኘ ታካሚው ቀን ይቆረጥለትና በማደንዘዣ ተኝቶ፣ በዚያው በሽንት መውጫ በሚገባ መሣሪያ ዕጢው ተቆራርጦ ይወጣል። ቁርጥራጩ ለፓቶሎጂስት ይላካል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን፣ ጠባዩ ምን ያህል ክፉ እንደሆነና ጡንቻ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይናገራል።

ይህ ቀዶ ሕክምና ምርመራም ሕክምናም ነው። አነስተኛና ላይ ላዩን ለተቀመጡ ዕጢዎች ከዚህ የሚሻል ነገር የለም። ችግሩ ጠልቀው የገቡት ላይ ነው። ካሜራ የሚያሳየው የዕጢውን ፊት እንጂ ሥሩን አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ግድግዳውን እንዳይበሳ እየተጠነቀቀ ስለሚፍቅ፣ አንዳንዴ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ቁራጭ ውስጥ ጡንቻ ጭራሽ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ፓቶሎጂስቱ ዕጢው ጡንቻ ነክቶ እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ቲ1 ከተባሉት ወይም ቁራጩ ካልበቃ ታካሚዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ቀዶ ክፍል ይገባሉ። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ዕጢው ለካስ ጠልቆ ነበር የሚባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የቀዶ ወረፋው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ ድጋሚው ቀዶ ሕክምና ተደምሮ ሳምንታት ወደ ወራት ይሄዳሉ።

ሲቲ ስካን ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሲቲ ስካን ኩላሊትንና ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ቱቦዎች ለማየት፣ ካንሰሩ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ አካል መዛመቱን ለማወቅ አስፈላጊ ነው። የፊኛውን ግድግዳ ንብርብሮች ግን አንዱን ከአንዱ ለይቶ አያሳይም። ቲ1 እና ቲ2ን መለየት ለእሱ ከባድ ነው።

ኤምአርአይ ምን ያያል?

ኤምአርአይ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የሚመለሰውን ምልክት ተቀብሎ ምስል ያደርገዋል። ለስላሳ የሰውነት ክፍሎችን ከሌሎች መሣሪያዎች በተሻለ የሚለያየውም በዚህ ምክንያት ነው። ለፊኛ ካንሰር ሲሠራ ሦስት ዓይነት ምስሎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም አንዱን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው የግድግዳውን ቅርጽ የሚያሳየው ምስል ነው። በዚህ ምስል ላይ ፊኛው ውስጥ ያለው ሽንት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጡንቻው በነጩ ሽንት ዙሪያ የተሰመረ ጥቁር መስመር ነው። ዕጢው በሁለቱ መካከል ግራጫ ሆኖ ይታያል። ራዲዮሎጂስቱ ዓይኑን ጥቁሩ መስመር ላይ ተክሎ ምስሎቹን አንድ በአንድ ይከተላል። መስመሩ በዕጢው ሥር ሳይቋረጥ ካለፈ ጡንቻው አልተነካም። ግራጫው መስመሩን ከቆረጠው ዕጢው ጡንቻ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው የውኃ ሞለኪዩሎችን እንቅስቃሴ የሚለካው ምስል ነው። ጤነኛ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ውኃ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ካንሰር ባለበት ቦታ ሕዋሳቱ እጅግ ተጨናንቀው ስለሚገኙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ያ ቦታ በምስሉ ላይ ደምቆ ይበራል። ራዲዮሎጂስቶች እዚህ ላይ የሚፈልጉት አንድ ደስ የሚል ምልክት አለ። ዕጢው በአጭር ግንድ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ዕጢው ደምቆ ከላይ ይቀለበሳል፤ ግንዱ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቅርጹ ለመራመድ ወገቡን ያጎበጠ አባጨጓሬ ስለሚመስል ምልክቱን በአባጨጓሬ ስም ይጠሩታል። እሱ ከታየ ዕጢው ጡንቻ ያለመንካቱ ዕድል ከፍተኛ ነው።

ሦስተኛው ጋዶሊኒየም ያለበት ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሣው ምስል ነው። ዕጢውና የፊኛው የውስጥ ሽፋን መድኃኒቱን ቶሎ ይስባሉ፤ ጡንቻው ግን ዘግየት ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብሩህ የሆነው ነገር ወደ ጡንቻው ዘልቆ ከታየ ይህም ሌላ ማስረጃ ይሆናል። ኩላሊታቸው በጣም ለተጎዳ ወይም ኮንትራስት ለማይስማማቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስሎች ብቻ መሥራት ይቻላል፤ ሁለቱን አሠራሮች ያነጻጸሩ ጥናቶችም ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል።

ከ1 እስከ 5 ያለው ነጥብ

ቀደም ሲል አንዱ ራዲዮሎጂስት «ጠልቋል» የሚለውን ሌላው «አልጠለቀም» ሊለው ይችል ነበር። ይህን ለማስተካከል በሮም የሚሠሩት ራዲዮሎጂስት ቫሌሪያ ፓኔቢያንኮና ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ቪአይ-ራድስ የተባለውን የጋራ መለኪያ አወጡ። መለኪያው ምስሉ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚነበብና ውጤቱ እንዴት እንደሚጻፍ ይደነግጋል። የመጨረሻው ውጤት ከ1 እስከ 5 ያለ አንድ ቁጥር ነው።

1 ማለት ዕጢው ጡንቻ የነካበት ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። 2 ዕድሉ አነስተኛ ነው። 3 ከምስሉ ብቻ ለመወሰን አይቻልም። 4 ጡንቻ ውስጥ የገባ ይመስላል። 5 ጡንቻውን አልፎ ወደ ስቡ የወጣ ይመስላል።

ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የተነተነ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው፣ መለኪያው ጡንቻ ውስጥ ከገቡ ዕጢዎች ከመቶ 83 ያህሉን ይይዛል። ካልገቡት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉን በትክክል «አልገባም» ይላል። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ፍጹም ግን አይደሉም። በተለይ 3 ያገኘ ታካሚ መልስ አላገኘም፤ ለእሱ ሐሳቡን የሚቋጨው ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ነው።

ውጤት የያዙ ሰዎች አንድ ነገር ያምታታባቸዋል። ቪአይ-ራድስ 4 ማለት ደረጃ አራት ካንሰር ማለት አይደለም። አንደኛው በምስል ላይ የተመሠረተ የዕድል ግምት ነው፤ ሁለተኛው ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ የደረሰበትን ስፋት ይናገራል። ቁጥሩን አይተው ከመደንገጥዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ምስሉን ማስቀደም ምን ጠቀመ?

ምስሉ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ታካሚ ይጠቀማል ማለት አይደለም። ይህን ለመፈተሽ በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመራው ብላደርፓዝ የተባለ ጥናት በ17 የዩናይትድ ኪንግደም ሆስፒታሎች ተካሂዷል። በካንሰር የተጠረጠሩ 143 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በተለመደው መንገድ ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄደ። በሁለተኛው ወገን ሐኪሙ በካሜራ አይቶ «ይህ ጠልቆ ሊሆን ይችላል» ያላቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይ ተነሡ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ውጤት ልዩነቱን በግልጽ አሳየ። ዕጢያቸው ጡንቻ ውስጥ የገባ ታካሚዎች ትክክለኛውን ሕክምና እስኪጀምሩ ድረስ የሚወስደው ጊዜ መካከለኛው ልኬት በተለመደው መንገድ 98 ቀን ሲሆን፣ ኤምአርአይ ባስቀደሙት ዘንድ 53 ቀን ሆነ። ዕጢያቸው ላይ ላዩን የነበረ ታካሚዎች ደግሞ በምስሉ ምክንያት አልዘገዩም። ለተራ ሕመም አርባ አምስት ቀን ብዙ አይመስል ይሆናል። ጡንቻ ውስጥ ለገባ ካንሰር ግን ከዚያች የሦስት ወር ወሰን በዚህኛው ወይም በዚያኛው ወገን መገኘት ማለት ነው።

ኤምአርአይ ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ዕጢው ወደ ፕሮስቴት ወይም ወደ ማሕፀን መዝለቁን፣ በዳሌ ውስጥ ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ማበጣቸውን ያሳያል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ ለሚወስዱ ሰዎችም ዕጢው ምን ያህል እንደቀነሰ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ኤምአርአይ የማይችለው

ኤምአርአይ ናሙናን አይተካም። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው፣ ዓይነቱንና የጠባዩን ክፋት የሚናገረው ፓቶሎጂስቱ ብቻ ነው። ቲኤን ከቲ1 መለየትም በምስል አስተማማኝ አይደለም።

ትንንሽ ዕጢዎች ሊያመልጡት ይችላሉ። ከሁሉ የባሰው ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሰራጨው የካንሰር ዓይነት ነው፤ ቀጭን ቢሆንም ክፉ ነው፤ በኤምአርአይ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ «ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው» መባሉ ሲስቶስኮፒን አያስቀርም። የሊምፍ ዕጢዎችንም የሚመዝነው በዋናነት በመጠናቸው ስለሆነ፣ ሳያብጡ ካንሰር የያዙትን ያልፋቸዋል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ዕጢው ከተፋቀ በኋላ ቦታው ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ይደማል። በምስሉ ላይ ይህ ቁስል ካንሰር ይመስላል። ስለዚህ ምስሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢነሣ ይመረጣል፤ ካልሆነም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። ፊኛ ውስጥ ቢሲጂ የተደረገለት ሰውም እንዲሁ ይጠብቃል። ቢልሃርዝያ ለዓመታት የቆየበት ፊኛም ግድግዳው ስለሚወፍርና ስለሚጠነክር አንባቢውን ያስቸግራል። ታካሚው በልጅነቱ በአዋሽ ዳር ወይም በሌላ ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ኖሮ ከሆነ ይህን አስቀድሞ መናገሩ ምስሉን ለሚያነበው ባለሙያ ይጠቅማል።

በቀጠሮዎ ቀን

ጥሩ ምስል ለማግኘት ፊኛው መጠነኛ ሽንት ሊይዝ ይገባል። ባዶ ከሆነ ግድግዳው ተሸብሽቦ ወፍራም ይመስላል፤ ዕጢም በእጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ከመጠን በላይ ከሞላ ደግሞ ሰውየው አላስችል ብሎት ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያው ከምርመራው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ሽንትዎን እንዲሸኑና ከዚያ በኋላ እንዲይዙ ወይም ውኃ እንዲጠጡ ይነግርዎታል። የተባለውን በትክክል ይከተሉ። አንጀት ሲንቀሳቀስ ምስሉን ስለሚያበላሸው በሆድ ቁርጠት የምናውቀው ቡስኮፓን በመርፌ ሊሰጥዎ ይችላል።

ከመግባትዎ በፊት ሰውነትዎ ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ይናገሩ፦ የልብ ምት ማስተካከያ፣ የአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ፣ የጆሮ መስሚያ ተከላ፣ በብየዳ ሥራ ወይም በጦርነት ወደ ሰውነት የገባ ፍንጣሪ። በተለይ ዓይን ውስጥ የቀረ ብረት አደገኛ ነው። የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝና ወይም አለርጂ ካለዎትም አይደብቁ። የዳሌ መገጣጠሚያ ብረት ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሊነሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ብረቱ በአካባቢው ያለውን ምስል ሊያበላሽ ይችላል።

መሣሪያው ጠባብና ጩኸታም ነው፤ ለጆሮዎ መከላከያ ይሰጥዎታል። ምርመራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሕመም የለውም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ቀድመው ይንገሩ።

በእጅ ያለውን በአግባቡ መጠቀም

በአገራችን ኤምአርአይ በዋናነት የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ሰው ሁሉ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሽንት ምርመራ፣ አልትራሳውንድና ሲስቶስኮፒ ይቀድማሉ። በካሜራ አነስተኛና በግንድ ላይ የቆመ ዕጢ ብቻ የታየበት ሰው ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምናው ቢሄድ ብዙ አይጎዳም። በጣም የሚጠቅመው ዕጢው ትልቅ ለሆነ፣ ግንድ ሳይኖረው ግድግዳው ላይ በሰፊው ለተቀመጠ፣ ወይም ሐኪሙ ጠልቋል ብሎ ለጠረጠረው ሰው ነው። ብላደርፓዝ የመረጠውም እንዲህ ያሉትን ነው።

ስለዚህ ዕጢ ተገኘብዎ ከተባሉ ለዩሮሎጂስትዎ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። ዕጢው ጡንቻ ነክቷል ብለው ይጠረጥራሉ? ከጠረጠሩ ከመፋቁ በፊት ኤምአርአይ ቢነሣ ይጠቅመኛል? የተላከው ናሙናስ ጡንቻ ነበረበት? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። «ጡንቻ አልተገኘም» የሚል ከሆነ ምርመራው ገና አላለቀም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው እርምጃ የታካሚው ነው። ሽንትዎ አንዴም ቢሆን ደም ካሳየ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ በማግስቱ ቢጠራም፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ዛሬውኑ ያቁሙ።